በፓምፕ የተሠራ ጭቃ

ወደ ይፋግ የሄድነው ከባለቤቴ ጋር በወጉ ሳንነጋገር ሦስት ቀን ከቆየን በኋላ ነበር። የመጋቢ ቤት ነውና እንግዳ ሲመጣ ሁለታችንም ፈገግ እንላለን፤ በሩ ሲዘጋ ግን ዝምታው ይመለሳል። ውድ አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ቤት የእኛ ብቻ አይመስለኝም።

የጠባችን ምክንያት መኪና ነበር። ባለቤቴ በፎገራ ሜዳ ተበታትነው የሚኖሩትን ምእመናን ለመጎብኘት ያገለገለች ፒክአፕ እንግዛ አለ። ገንዘቡ ግን ለልጃችን ትምህርት ብለን በዕቁብ ያጠራቀምነው ነው። በቴሌቪዥን አንዲት ፒክአፕ ጭቃውን ሰንጥቃ ስትበር ካየ ወዲህ እኔን መስማት አቆመ። እኔም “አገልግሎት ነው ወይስ አምሮት?” አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ይፋግ ለቅሶ ደርሰን በጥር ፀሐይ ወደ ወረታ ስንመለስ፣ ርብ ወንዝ አጠገብ ሚኒባሱ ቆመ። ሰው ተሰብስቧል። አደጋ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ የመኪና ማስታወቂያ እየተቀረጸ ነው።

ሩዙ ታጭዷል፤ ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቋል። ታዲያ ጭቃ ከየት ይምጣ? ሽንኩርት የሚያጠጣ አንድ ገበሬ ፓምፑን አከራይቷቸው ከወንዙ ውሃ እየሳበ ሜዳውን ያርሳል። ያ ሁሉ ጭቃ በኪራይ የመጣ ነበር!

ከፊት የኋላ በሯ የተከፈተ መኪና ትሄዳለች፤ ካሜራ ያዡ ወገቡ በገመድ ታስሮ ከውስጧ ተቀምጧል። አዲሷ ፒክአፕ ትከተላለች። ሁለቱም ከበቅሎ ሶምሶማ ብዙም አይፈጥኑም። አንዱን ወጣት “ታዲያ በቴሌቪዥን የምትበረው እንዴት ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። ካሜራው ከጎማው ትይዩ ዝቅ ሲል መሬቱ የሚሮጥ ይመስላል አለኝ። ደግሞም በሰኮንድ 25 ምስል ለሚያሳይ ቴሌቪዥን በሰኮንድ 18 ብቻ ከቀረጹ እንቅስቃሴው ሁሉ ይፈጥናል። ነፋሱ አቧራውን ወደ ካሜራው ካመጣው ወይም የካሜራው ጥላ በመስተዋቱ ላይ ከታየ እንደገና “ከመጀመሪያው!” ይባላል።

በኋላ ነገሩ ስቦኝ አነበብኩ። አናቶሊ ኮኩሽ የተባለ የዩክሬን መሐንዲስ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚተከል፣ ካሜራውን ከንዝረት የሚጠብቅ ረጅም ክንድ ሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ተሸልሟል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘ ሚል የተባለ የለንደን ድርጅት ብላክበርድ የተሰኘች፣ ርዝመቷ የሚለዋወጥ ተሽከርካሪ አስተዋወቀ። እርሷ ተነድታ ከተቀረጸች በኋላ ኮምፒውተር የተፈለገውን መኪና መልክ ያለብሳታል። የምናደንቃት መኪና በቦታው ላትኖርም ትችላለች ማለት ነው። የእኛዎቹ ልጆች ግን የነበራቸው ገመድ ነው።

ሦስተኛው ላይ ፒክአፗ ሰመጠች። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ባለቤቴ የለቅሶ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ከሰዉ ጋር ሊገፋ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ እርሱም ሳቀ።

ፓምፑ ባለቤት ዘንድ ሄዶ “በክረምት እዚህ መኪና ይሄዳል?” ሲል ጠየቀ።

“በክረምትማ ርብ ሲሞላ ወደ ሐይቁ በኩል የሚሄደው ታንኳ ነው፣ ጌታው” አሉት ሰውየው።

ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ባለፈው ክረምት በእግሬ ሄጄ ቀብር ላይ ሳልደርስ ቀረሁ። እናትየዋ ‘ዘገየህ’ አለችኝ። አልነገርኩሽም” አለኝ። እኔም ስለዚያ ቃሌ ይቅርታ ጠየቅኩት። ኮቱ ገና ጭኔ ላይ ነበር።

የዕቁቡን ገንዘብ አልነካነውም። ለአንድ ዓመት ተበድረን ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዛን፤ ክረምት ላይ እርሱም ይቆማል።

ማስታወቂያው ከወራት በኋላ ታየ። ሠላሳ ሰኮንድ ነው። መኪናዋ ትበራለች። ባለቤቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ “ፓምፑስ?” አለ። ፓምፑ የለም፤ የገፉትም የሉም።