ደብዳቤው ለማን ተጻፈ?

ኤርምያስ 29፥11 በብዙ አማኞች ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔም ለፈተናም ለቪዛም የተስፋ ቃሌ አድርጌ ስይዘው ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለካ ደብዳቤ ነው! ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ላፈለሳቸው ምርኮኞች የተላከ። አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ደግሞ 70 ዓመት መጠበቅ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ያኔ ጎልማሳ የነበረ ሰው መመለሱን አያይም ማለት ነው። የእኔ ቪዛ እዚያ ውስጥ የለም። ይህን ማወቅ አሳዝኖኝ ነበር።

ግን እግዚአብሔር ኢያሱን እንደማይተወው የገባለትን ቃል የዕብራውያን ጸሐፊ ምዕራፍ 13 ላይ አንስቶ ለክርስቲያኖች ይሰጣል፤ ያውም ስለ ገንዘብ ፍቅር ሲመክር። ይሄኛው በእርግጥ የእኛ ነው። እባካችሁ፣ ለታመመ ወዳጃችሁ ጥቅስ ከመላካችሁ በፊት ምዕራፉን ሙሉውን አንብቡት።