ክሩ የተበጠሰበት ቦታ

ያደግኩት ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አባዬ ሸማኔ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመወርወሪያው ድምፅ ነው። ተማሪ እያለሁ፣ አንድ ቀን ጌም ውስጥ አስገባዋለሁ ብዬ በስልኬ ቀዳሁት። ፎርማቱ ዋቭ ነበር፦ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ የሚበላ። ሜሞሪዬ ሲሞላ ወደ ኤምፒስሪ ቀየርኩትና ዋናውን አጠፋሁት።

ከዓመታት በኋላ ጌሙን ሠራሁ፤ ድምፁም እየተደጋገመ እንዲጫወት አደረግኩ። አባዬ ኢርፎኑን አድርጎ ትንሽ ሰማና፣ «እዚህ ጋ ክሩ ተበጠሰ እንዴ?» አለኝ።

ልክ ነው። ኤምፒስሪ ሲሠራ ፋይሉ ጫፍ ላይ ቅንጣት ዝምታ ይጨመራል፤ ድምፁ ዞሮ ሲጀምር ምቱ ይሰበራል። ብዙ ጌም ሠሪዎች ለሚደጋገም ድምፅ ኦግ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ዝምታውን ቆርጬ ወደ ኦግ ቀየርኩት፤ ክሩ ተቀጠለ። ኤምፒስሪ «ይሄን ጆሮ አይለየውም» ብሎ የጣለው ግን ፎርማት ስለተቀየረ አይመለስም። እንደገና ልቅዳ እንዳልል፣ አባዬ ዓይኑ ደክሞ ሽመናውን ትቷል።

አሁን የምቀዳውን ሁሉ በዋቭ አስቀምጣለሁ። ሜሞሪ እንደሆነ ይገዛል።