ሰው የማይቀመጥበት ሳጥን

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ባልደረቦቼ «ጡረታ ስትወጣ ምን ልትሠራ ነው?» ሲሉኝ «ዓሣ ላጠምድ» እላቸው ነበር። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነበር። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሲሳካም ሁለት፣ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ዝዋይ እወርዳለሁ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ፀሐይዋ ሳትበረታ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ይጥላል።

የምንሄደው በልጄ ባል አሮጌ ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና ፒክአፕ። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ሳስታውስ አፍራለሁ። ዕቃውን ሁሉ ኋላ ወርውረን ሸራ ጣል እናደርግበትና እንነሣለን። ሞጆ ሳንደርስ ጀሪካኑ ከዳር ዳር ይንከባለላል። አንድ ቀን የማጥመጃ ዘንጋችን ጫፉን መለዋወጫ ጎማው ሰብሮት ደረስን። መንጠቆና ክር ተጠላልፎ ስንፈታ ረፈደ። ስንመለስ ደግሞ በረዶው ቀልጦ የዓሣው ውኃ የልጆቹን ሹራብ አራሰው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ከዓሣው ይልቅ እናንተ ትሸታላችሁ» ብላ ሁላችንንም ግቢ ውስጥ አስቀረችን።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከጉዞ ሲያግደን የፒክአፑን ኋላ በሥርዓት ለማሰናዳት ተነሣሁ። መኪናው የእሱ፣ ወጪው የእኔ። ምናለሽ ተራ ገብቼ ያገለገለ ቱቦላሬና ላሜራ መረጥሁ፤ የሰፈራችን በያጅ ሊሠራልኝ ተስማማ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከክትባት ሥራ ነው። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምንወጣው በፒክአፕ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልቆየ ይበላሻል። ስለዚህ ኮልድ ቦክሱ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚታሰር፣ መቼ እንደሚከፈት ሕግ ነበረው። ዓሣም ከዚያ ብዙ አይለይም፤ ሙቀት ካገኘው ሰዓታት አይፈጅበትም።

ያሠራኋቸው ሳጥኖች ሦስት ናቸው። አንዱ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ በአግድም ተቀምጧል። ከባዱ ሁሉ እዚያ ይገባል፦ የበረዶው ዕቃ፣ የመጠጥ ውኃው፣ መፍቻዎቹ። ከባድ ጭነት ከኋላ ጎማው ወዲያ ሲያርፍ ባሌስትራው ይጫናል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ መሪው ይቀላል። ይህን ያስተማሩኝ የጤና ጣቢያው ሾፌሮች ናቸው። ሁለቱ ረጃጅም ሳጥኖች በግራና በቀኝ ስፖንዳው ሥር ናቸው። ግራው ለደረቅ ነገር ነው፦ ሹራብ፣ ምግብ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። ቀኙ ለእርጥቡ፦ መረብ፣ ባልዲ፣ ቢላዋ፣ የላስቲክ ቦት። የቀኙ ሳጥን ወለል ውኃ የሚያወጣ ቀዳዳ አለው። ክዳኖቹ ዙሪያ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ለጥፈናል፤ አቧራ አያስገባም። ሳጥኖቹ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ከመኪናው ወለል ጋር ታስረዋል፤ የተበሳው ቦታ ሁሉ እንዳይዝግ ቀለም ተቀብቷል።

ዘንጎቹን ባለ 4 ኢንች የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አደረግኋቸው። ለሁለት ስለሚፈቱ አጭር ቱቦ በቃቸው። ጫፉ ላይ ስፖንጅ ጎሰጎስሁበትና ቱቦውን ከስፖንዳው ጋር አሰርሁት። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ ዘንግ የለም።

ለበረዶው ደግሞ ልፋት የለውም። በሃይላንድ ውኃ ሞልተን ከአንድ ቀን በፊት ፍሪዘር ውስጥ እናስገባለን። ሲቀልጥ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀር ዓሣው ውኃ ውስጥ አይዋኝም። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ እዚያው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል በረዶ እንይዛለን።

ነርስነቱም አልለቀቀኝም። የዕርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ መቀስና አዮዲን አለ። መንጠቆ ጣት ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ አትጎትቱት፤ ጆሮ ስላለው ሥጋውን ይቀዳል። ክሩን ቆርጣችሁ፣ እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቴታነስ ክትባትንም ጠይቁ። የላስቲክ ቦቱን የያዝነው ደግሞ ዝዋይ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ነው። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ውኃው ውስጥ አይገቡም።

ጠቡ የመጣው ከክዳኑ ላይ ነው። በያጁ «ጋሼ፣ የጎኖቹን ክዳን ጠፍጣፋ አድርጌ ስፖንጅ ላልብስልዎት። አራት ሰው ያስቀምጣሉ» አለኝ። የልጄን ባል ደስ አለው። እኛ ከሦስቱ ልጆች ጋር ሰባት ነን፤ ጋቢናው ለአምስት ሰው ነው። ልጆቹማ ኋላ ተቀምጠው ነፋስ እየመታቸው መሄድን ሲመኙ ኖረዋል። «አባባ፣ እኛ ኋላ!» እያሉ ጨፈሩ።

«ክዳኑን እንደ ቤት ጣሪያ ተዳፋት አድርገህ ሥራው» አልሁት በያጁን።

የልጄ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገብኝ። «ጋሼ፣ ሁላችንም ፒክአፕ ኋላ ተጭነን አይደለም እንዴ ያደግነው? እርስዎስ ስንት ዘመን በዚያ ሲሄዱ አልኖሩም?»

እውነቱን ነው። ሄጃለሁ፤ ሌላም ሰው አሳፍሬአለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኋቸው።

ዘመኑ 1984 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አርሲ። ከክትባት ስንመለስ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ለመነችን። ሾፌሩ «ሰው መጫን አልተፈቀደልንም» አለ። «ደክሟታል፣ እኔ አለሁበት» አልሁት። እናቲቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። መንገዱን እንዲያይ ብዬ አንሥቼ ኮልድ ቦክሱ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ዘለለ። ኮልድ ቦክሱ ጠዋት በገመድ አጥብቄ ያሰርሁት ስለሆነ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ግን መንገዱ ላይ ወድቆ ነበር።

ጭኑ ተሰብሯል። በሁለት እንጨት አስሬ ሆስፒታል አደረስሁት። ተረፈ። ከወራት በኋላ ገበያ ላይ ከእናቱ ጋር ሲሄድ አገኘሁት፤ አንድ እግሩ አጥሮ ያነክሳል። እናቱ ስታየኝ እጄን ስማ «ልጄን አዳንህልኝ» ብላ መረቀችኝ። እኔ ነኝ የጣልሁት ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ዛሬም ያ ምርቃት ይከብደኛል።

ክትባቱን አስሬ ልጁን ሳላስር የሄድሁ ሰው ነኝ አልኋቸው። ማንም አልተናገረም። ባለቤቴ ተነሥታ ቡናውን አቀራረበች። በማግስቱ ጠዋት በያጁ ጋ ስደርስ የልጄ ባል ቀድሞኝ ነበር። ላሜራውን በሁለት እጁ ይዞ «በዚህ ልክ ይዘቅዘቅ?» እያለ ያስለካል።

ተዳፋቱ ለዝናብም በጀን፤ ውኃ አይቋጥርም። ሰባት ሰው ለአምስት ቦታ የሚለው ጥያቄ ግን በብየዳ አይፈታም። አሁን በየጉዞው ሁለት ሰው በተራ ይቀራል። መጀመሪያ የቀረችው ባለቤቴ ናት፦ «እኔ ድሮም ትንኙን አልወደውም፤ ዓሣውን ግን እዚያው አጽድታችሁ አምጡልኝ»። ትልቁ የልጅ ልጄ የተራውን ዝርዝር ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። ተራው ያልደረሰው ያኮርፋል። ኩርፊያ ይድናል።

ፒክአፕ ያላችሁ ወላጆች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የኋላውን ስታሰናዱ ከሁሉ በፊት ይህን አስቡበት። ጠፍጣፋ ነገር ካለ ሰው ይቀመጥበታል። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለአጭር መንገድ ብቻ እየተባለ ይለመዳል።

ባለፈው ቅዳሜ መቂን እንዳለፍን ሕፃናት ሳጥን ላይ ያስቀመጠ አንድ ፒክአፕ ቀደመን። እጃቸውን አውለበለቡልን። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ መልሳ አውለበለበችና ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ የእነሱ ሳጥን ጠፍጣፋ ነው» አለችኝ።