የአጎቴ ደም ግመሎች

ያቺ ግመል ወደ ግቢያችን ስትገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከፊልቱ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ተሰብስቦ ግመል ሲከፋፈል ውሎ አንዷ ለአባቴ ደረሰችው። ወተቷ ብዙ ነበር፤ እኔና ወንድሞቼ ጠግበን አደርን። የማን ዋጋ እንደሆነች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አጎቴ በውሃ ጉድጓድ ላይ በተነሳ ጠብ ተገድሎ፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ከግራር ሥር ለቀናት ተቀምጠው በ100 ግመል ታርቀው ነበር። ወሎ ላይ «ደም ማድረቅ»፣ ቦረናና ጉጂ ዘንድ «ጉማ» የሚሉት ዓይነት እርቅ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ ነገሌ ላይ የገጠመኝ ጥያቄ ነው። አንድ ክርስቲያን ወዳጄ «እናንተ ዘንድ ሸሪዓ ማለት እጅ መቁረጥ፣ አንገት መቅላት አይደለም ወይ?» አለኝ። በክፋት አይደለም የጠየቀኝ፤ የሰማው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ብዙ ሙስሊም ወጣትም ከዚህ የራቀ አያውቅም።

ሸሃዳ፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዷን ጾም፣ ሐጅ፤ አምስቱን የእስልምና ማዕዘናት ሁሉም ይቆጥራቸዋል። ከሥራቸው ያለውን እምነት ግን እንዘነጋዋለን። በቂያማ ቀን ሰው ለፍርድ የሚቆመው ለብቻው ነው። ጎሳ የለም፤ የአንዱን ሸክም ሌላው አይሸከምለትም። አላህ የራሱን ሐቅ ቢሻ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው በቀር ተከፍሎ ያልቃል እንጂ እንዲሁ አይቀርም። ወንጀልና ቅጣትን በዚህ ዓይን ያላየ ሰው የሚታየው ሰይፉ ብቻ ነው።

ሑዱድ የሚባሉት የተወሰኑ ቅጣቶች ከባድ ናቸው፤ ማስረጃቸውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። ዝሙትን በዓይናቸው ያዩ አራት ምስክሮች ካልቆሙ፣ ከሳሹ ራሱ 80 ይገረፋል። የሰው ስም በወሬ እንዳይጠፋ ነው። ለስርቆትም ቢሆን ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ በረሃቡ ዓመት እጅ መቁረጥን አስቁመዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጉውም የዴይሩም ዝናብ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ሲቀር ላየ የቆላ ሰው የዑመር ውሳኔ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የነፍስ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የሟች ወራሾች ቂሷስ፣ ማለትም ነፍስ በነፍስ፣ መጠየቅ፣ ዲያ የተባለውን የደም ካሳ መቀበል ወይም ይቅር ማለት ይችላሉ። ቂሷሱም በገዳዩ ላይ ብቻ ነው። ወንድሙን፣ የአጎቱን ልጅ፣ መንገድ ላይ የተገኘውን የጎሳውን ሰው መግደል አዲስ ነፍስ ማጥፋት ነው እንጂ ፍትሕ አይደለም። ዲያው 100 ግመል ነው። እኛ በምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ግድያ ከ100ው 40ው እርጉዝ መሆን አለባቸው፤ ከፋዩም ገዳዩ ራሱ ነው። በስህተት ለጠፋ ነፍስ ግን ዘመዶቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ይከፍሉለታል። እኛ አገር ሁሉንም ጎሳው ይከፍላል። ይህ ደግነት ነው፤ አልነቅፈውም።

የምነቅፈው ግመሎቹ ከመጡ በኋላ የሚሆነውን ነው። ጎሳው ስለሚከፍል፣ ተቀባይም ጎሳው ነው ተባለ። ለሟች ቤት ጥቂት ተለይቶ ሌላው ይከፋፈላል። አንዳንዴም እርቁን ለማጥበቅ ሴት ልጅ ለጋብቻ ትሰጣለች። ያላፈሰሰችውን ደም ዕድሜዋን ሙሉ ትከፍላለች። ይህን ሁሉ «ሸሪዓ ነው» ሲሉት ስሰማ ያመኛል።

ይህ ስህተት አዲስ አይደለም። ዑመርም መጀመሪያ እንደኛ ሽማግሌዎች ነበር የሚያስቡት፤ ዲያ ደም ለሚከፍሉት የአባት ወገን ዘመዶች ነው፣ ሚስት ከባሏ ዲያ አትወርስም ይሉ ነበር። ሶሓባው ዶሓክ ኢብን ሱፍያን ተነስቶ፣ የአሽየም አድ-ዲባቢን ሚስት ከባሏ ዲያ እንዲያወርሳት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጽፈውለት እንደነበር ነገራቸው። ዑመር ሐሳባቸውን ለወጡ። የአማኞች መሪ የተዉትን መንገድ የኛ ጎሳ እስከ ዛሬ ይዞት ይሄዳል።

ዲያ ውርስ ከሆነ ስሌቱ ግልጽ ነው። አያቶቼ ከአጎቴ ቀድመው ሞተዋል። ሚስትና አምስት ልጆች፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት፣ ትቶ ሄደ። ለሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ 12 ግመል ተኩል። ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 12 ተኩል፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 25። ደምሩት፤ ድፍን 100 ነው። ለእኛ ቤት አንድም አይተርፍም።

በአገራችን ግድያን የሚዳኘው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ለሃይማኖት ሕግ በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ወቅፍን፣ ውርስን ይዘረዝራል እንጂ ግድያን አይጨምርም። ውርስ ግን አለበት። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ አንድ ቃዲ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ የመበለቲቱ ስም በወረቀት ላይ ቢሰፍር፣ ማንን ይጎዳል? ኢማሞቻችንስ ስለ ሶላት በሚያስተምሩት ልክ ይህን ሚንበር ላይ ቢናገሩት?

ባለፈው ረመዷን የአጎቴን ሚስት ልጠይቅ ሄድኩ። የዚያችን ግመል ዋጋ ይዤ ነበር። «ሐላል በይኝ» አልኳት። ገንዘቡን ሳትቆጥር ምንጣፉ ሥር አደረገችና ስለዚያ ጊዜ ታወራኝ ጀመር። ለእሷና ለልጆቿ አራት ግመል ነበር የደረሳቸው። ዓመት ሲዞር፣ ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ ሼኹ ዘንድ ሄዳ ዘካዋን ስንት እንደምታወጣ ጠየቀቻቸው። የአላህ ሐቅ እሷ ላይ እንዳይቀር ፈርታ ነው።

«ስንት ናቸው?» አሏት። «አራት» አለች። «የግመል ዘካ ከአምስት ነው የሚጀምረው፤ አንድ ጎድሎሻል፣ ምንም የለብሽም» ብለው መለሷት።

አምስተኛዋ እኛ ግቢ ነበረች።