ኳሱ አለ፣ ድምፁ የለም

«ኳሱ አለ፣ ድምፁ የለም» አለኝ የአጎቴ ልጅ። ሐሙስ ማታ ከሰንበቴ ነው የደወለው። ከጀርባው የልጆች ጩኸት ይሰማኛል፤ አንዱ «ጎሊ!» ይላል፣ ሌላው «ኦፍሳይድ ነው ወላሂ!» ብሎ ይምላል። «እንዴት ድምፅ የለም ትለኛለህ? እኔ እንኳ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው» አልኩት። «አቦ እሱማ የኛ ጩኸት ነው፤ እኔ የማሽኑን ነው የምልህ!»

ሰንበቴን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለምታውቋት፦ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ከሸዋሮቢት በኋላ፣ ከከሚሴ በፊት ታገኟታላችሁ። በአዘቦት ቀን ሹፌሩ ፍሬን ሳይነካ ሊያልፋት ይችላል፤ እሁድ ግን ወዶም ጠልቶም ይቆማል። ገበያዋ እሁድ ነው፤ ስሟም ይህንኑ ይናገራል። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከየቀበሌው ይሰበሰባል። ሰኞ ደግሞ የባቲ ተራ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጌም ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው የሜሲ ፖስተር። ሕጓ በየከተማው ያለው ሕግ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀመጣል። ዓመታት ሙሉ የሠራው በፕሌይስቴሽን 3 እና በአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲቃጠልበት ከደሴ ከአንድ ቢሮ የወጡ ሁለት ያገለገሉ ሞኒተሮች ገዛ፤ አብሮም ያገለገለ ቀጭኑን ፕሌይስቴሽን 4 ጨመረ። ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ። ድምፅ ግን ጠብ የሚል ጠፋ። የቢሮ ሞኒተር ስፒከር የለውማ! ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ማን ድምፅ ይገጥምለታል?

«አብሽር፣ እሁድ እመጣለሁ» አልኩት። የተማሪነት ዘመኔ የኮምፒውተር ስፒከር፣ ሁለት ትንንሾችና አንድ ሰብዉፈር፣ አልጋዬ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ገመዱን ጃኩ ላይ ሰክቼ የምመለስ ነበር የመሰለኝ። ሁለት እሁድ ፈጀብኝ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

ድሮ ድምፅ የራሱ መንገድ ነበረው። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2፣ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው፣ ሦስት ገመድ ነበረው፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ቢጫው ምስል ነው፤ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ቀለም ከቀለም አገናኝቶ ይሰካዋል። የቴሌቪዥኑ ስፒከር ከተበላሸ ነጩንና ቀዩን ነቅለህ ቴፕ ላይ መሰካት ነው። አጎቴ ቤት ያደረግነው እንዲሁ ነበር፤ ምስሉ በአንድ ማዕዘን፣ ድምፁ በሌላው። ድምፁ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይንህ ታየዋለህ፣ በእጅህም ትይዘዋለህ።

ከዚያ ኤችዲኤምአይ መጣና ሁሉንም በአንድ ገመድ አሰረው። ሥራው ግን ሲያስቡት ያስገርማል። ምስሉ ስክሪኑ ላይ በመስመር በመስመር ነው የሚላከው፤ አንዱ መስመር አልቆ ሌላው እስኪጀምር ትንሽ ዕረፍት አለች። ድምፁ የሚሾልከው በዚያች ዕረፍት ነው። ማታ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሰውን አይሱዙ አስቡት፤ ጭነቱ እህል ነው፣ ሰው ደግሞ በጆንያና በጆንያ መሐል ተሸጉጦ ይሄዳል። ድምፅ እንዲያ ነው የሚጓዘው።

እኔን ግማሽ ቀን ያባከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ከመላኩ በፊት በዚያው ገመድ ስክሪኑን ይጠይቀዋል፤ «ምን ዓይነት ነህ? ስንት በስንት ታሳያለህ? ድምፅ ትቀበላለህ?» ስክሪኑም በውስጡ ካለች ትንሽ ማስታወሻ መልሱን ይሰጣል። የኛ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ መሰኪያ የለውም፤ ዲቪአይ ብቻ ነው፣ በ1999 ለኮምፒውተር ምስል ተብሎ የወጣው። በመጋጠሚያ ስናገናኘው «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ብሎ መለሰ፤ ማሽኑም ድምፁን አልጫነም። እኔ ደግሞ ገመድ እያወዛወዝኩ፣ ቀዳዳ በጥጥ እያጸዳሁ፣ መንገድ ላይ የጠፋ ድምፅ ስፈልግ ዋልኩ። መንገድ ላይ የጠፋ ነገር የለም። ድምፁ ጭራሽ ከቤቱ አልወጣም።

እናንተ ግን ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት የሞኒተራችሁን ጀርባ ዳብሱ። ኤችዲኤምአይ ያላቸው ብዙ ሞኒተሮች ከጎኑ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ያላት ክብ ቀዳዳ አለቻቸው። ካለች የስፒከሩን ጃክ እዚያ ሰኩና ተገላገላችሁ፤ የቀረውን ባታነቡም አልቀየምም።

የኛ የላትም። መጀመሪያ የሞከርኩት ጆይስቲኩን ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከታች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። ስፒከሩን እዚያ ሰካሁና ሴቲንግስ ገብቼ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ዲቫይስስ፣ «አውትፑት ቱ ሄድፎንስ» የሚለውን «ኦል ኦዲዮ» ላይ አደረግሁት። ስታዲየሙ በአንዴ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም እንደ ሐኪም ደረቴን ነፋሁ። ደረቴ እንደተነፋ የቆየው እስከ መጀመሪያው ጎል ድረስ ነው። ያገባው ልጅ ጆይስቲኩን እንደያዘ ዘሎ ተነሣ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ የግራው ስፒከር ከመደርደሪያው ወርዶ አግዳሚው ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ «አትነሡ» የሚል ሕግ ወጣ፤ ልጁ እንደ ታሰረ ፍየል በገመዱ ልክ ሲንቀሳቀስ ዋለ። ጆይስቲኩ ሲጠፋም ድምፁ አብሮት ይጠፋል። ለአንድ ሌሊት ያወጣል፣ ለንግድ አይሆንም።

አንዱ ልጅ ሮጦ ሄዶ የብሉቱዝ ስፒከር ይዞ መጣ፣ የወንድሙን። ፕሌይስቴሽን 4 ተራ የብሉቱዝ ስፒከር አይቀበልም ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ አሥር ጊዜ ሞክሮ ተወው። ቢቀበለውም አልመክርም። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እስኪፈታው ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። ከወንዝ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምሳሩ ያርፋል፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የ0.2 ሰከንድ መዘግየት ማለት ተጫዋቹን ከኳሱ 70 ሜትር ያህል አርቆ እንደ ማስቀመጥ ነው። ፍጹም ቅጣት ምቱ መረብ ላይ አርፎ ነው «ጧ» የሚለው። ለዘፈን ግድ የለም፤ ለኳስ ያበሳጫል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልበሳጭ ፍቀዱልኝ። በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከጀርባው የኦፕቲካል ድምፅ መውጫ ነበረው። ቀጭኑ ላይ አነሱት። የ2020ው ፕሌይስቴሽን 5 ጭራሽ የለውም፤ የማይክሮሶፍቱ አዲስ ኤክስቦክስም እንዲሁ። ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን ለዓለም የታየው በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዕለት በሌላ አዳራሽ አፕል አይፎን 7ን ሲያስተዋውቅ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አንስቶ ነበር። በአንዲት የጳጉሜን ቀን ሁለት ቀዳዳ ቀበርን። ያቺ ክብ ቀዳዳ ደግሞ ቀላል ዘር የላትም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኙበት መሰኪያ የልጅ ልጅ ናት። ምኒልክ የሐረርና የአዲስ አበባን የስልክ መስመር ባሰቡበት ዘመን አያቷ ነበረች፤ ዛሬም ኦፕሬተሮቹ የኔን ስፒከር ጃክ ቢያዩት ያውቁታል።

የሠሪዎቹ ምክንያት ይገባኛል። እነሱ አገር ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ኤችዲኤምአይ ይሰካል፣ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል፤ ኦፕቲካሉን የሚነካው ጥቂት ነው። ማሽኑ ግን እዚያ አያልቅም። አንዱ ተጫውቶ ይሸጠዋል፣ ሁለተኛው ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ያመጣዋል፣ መርካቶ ያርፋል፣ ደሴ ይሄዳል፣ በአራተኛ በአምስተኛው እጅ ሰንበቴ ይደርሳል። ሰንበቴ ሲደርስ ስፒከር ከሌለው የቢሮ ሞኒተር ጋር ይጋባል። ፋብሪካ ላይ የተቆጠበችውን ቀዳዳ ገዝቶ የሚከፍላት የመጨረሻው ሰውዬ ነው።

የምትገዛው ቀዳዳ ደግሞ ሣጥን ሆና ነው የምትመጣው። ኤችዲኤምአዩ በአንድ ጎን ይገባል፣ ምስሉ በሌላው ይወጣል፣ ድምፁ ተነጥሎ በክብ ቀዳዳ ወይም በቀይና ነጭ ይወጣል። ገበያው ላይ ሸራ ዘርግተው ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ ሚሞሪ፣ የሶላር ባትሪ የሚሸጡትን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ገመድ እንደ ሽንኩርት ተከምሯል፣ ሣጥኗ የለችም። በሳምንቱ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ።

በሁለተኛው እሁድ ሰካኋት። ዝም። ሻጩን በሆዴ ረገምኩት፤ «ቻይና አታለለን» አለ የአጎቴ ልጅም። ሣጥኗን ልመልሳት ስጠቀልል ጎኗ ላይ የጥፍር ታህል ማንሸራተቻ አየሁ፤ «ፓስ»፣ «2 ሲኤች»፣ «5.1» ይላል። የተቀመጠችው «ፓስ» ላይ ነበር። እንደገና ያው የጥያቄና መልስ ነገር ነው! «ፓስ» ላይ ስትሆን ሣጥኗ የሞኒተሩን መልስ እንዳለ ለማሽኑ ታስተላልፋለች፤ «ደንቆሮ ነኝ» ብሏልና ማሽኑ ድምፅ አይልክም፣ ሣጥኗም የምትነጥለው አታገኝም። «2 ሲኤች» ላይ ስትሆን ግን በሞኒተሩ ፈንታ ራሷ ትመልሳለች፤ «እሰማለሁ፣ በግራና በቀኝ ላክ» ትላለች። ዋሽታ ነው የሠራችልን። በጥፍሬ ገፋ አደረግኋት፤ ቤቱ በሕዝብ ጩኸት ተናወጠ። ሻጩ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ አፉ በለኝ።

ጥቂት እዝዝ የሚል ድምፅ ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም ወደ አንድ ዲቫይደር ሰብስቤ፣ የድምፁን ገመድ ከመብራት ገመዱ ሳርቀው ለቀቀን። የቆየውን ፕሌይስቴሽን 4 በኦፕቲካል የምታገናኙ ደግሞ ፎርማቱን «ሊኒየር ፒሲኤም» ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ዝምታ ወይም ጭርጭርታ ነው የሚጠብቃችሁ። ፕሌይስቴሽን 3 ያለው ሰው ሣጥን አያስፈልገውም፤ ምስሉን በኤችዲኤምአይ ልኮ ድምፁን በድሮው ቀይና ነጭ ገመድ ማውጣት ይችላል፣ ሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ «ኤቪ መልቲ» የሚለውን መምረጥ ነው። አሮጌው ማሽን ከአዲሱ የሚሻልበት ቀን አለ።

ድምፁ ከመጣ በኋላ ያየሁትን ነው አሁንም የማሰላስለው። ድምፅ በጠፋባቸው ሳምንታት ልጆቹ የራሳቸውን ኮሜንታተር ሾመው ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያስተላልፋል። ተከላካዩን በሠፈሩ ወፍጮ ቤት ጠባቂ ስም ይጠራዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም አያሳልፉም። የኔ ስፒከር ሲጮህ ልጁ አፉን ዘጋ። ዲስኩ ፊፋ 18 ነው፤ ማርቲን ታይለር በእንግሊዝኛ ቤቱን ተቆጣጠረው። ጨዋታው ግን ተሻሽሏል፤ ልጆቹ የዳኛውን ፊሽካ ሳያዩ ይሰማሉ፣ ኳሱ ብረት ሲመታ «እህ!» ይላሉ፣ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ከኋላ ሰው እየመጣ እንደሆነ ያውቃሉ። የጠፋብኝም ነገር አለ፤ ያ ልጅ። ወደ ማታ ላይ ወጣ ብዬ ስመለስ ግን ድምፁ ቀንሷል፣ ልጁም ተነሥቶ ከታይለር በላይ እየተናገረ ነው። የታይለርን ድምፅ ለብቻ፣ የሕዝቡን ለብቻ መቀነስ እንደሚቻል ለአጎቴ ልጅ አሳየሁት፤ ጨዋታው ራሱ ሴቲንግስ አለው። ታይለርን ዜሮ አደረጉት።

ጎረቤት ቡና የሚያፈሉት እናት «ልጄ፣ ያ ፈረንጅ ሲጮህ ዋለ፤ ምን ጠፍቶበት ነው?» ብለውኝ ነበር። በማግስቱ «አረፈ መሰለኝ» አሉ።

ሰብዉፈሩን የአጎቴ ልጅ ከመደርደሪያው አውርዶ ከራሱ ወንበር አጠገብ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ የምትዞር ጉብታ አለችው፤ የድምፅ መቀነሻዋ። አዛን ሲል እጁን ዘርግቶ ጥርቅም ያደርጋታል፤ ልጆቹም ጨዋታውን ያቆማሉ፣ የሚሰግደው ይሄዳል። በሴቲንግስ በኩል ቢሆን ሜኑውን ሲፈልግ አዛኑ ያልቅበት ነበር። የኮምፒውተር ስፒከርን እንደዚህ ወድጄው አላውቅም።

ሁለተኛዋ ሞኒተር ግን አሁንም ዲዳ ናት፤ የድሮውን ፕሌይስቴሽን 3 ቀይና ነጭ ገመድ አይጥ በልቶታል፣ እሷም ሌላ ፕሌይስቴሽን 4 እየጠበቀች ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ያቺን ሣጥን የምታገኙ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ጎኗን እዩልኝ፤ ማንሸራተቻዋ ከሌለች ተዉት።