አስሩ ብሎኖች

እኛ ቤት ሦስት ዓይነት ሰው አለ። ዕቁብ የሚጥል፣ ዕቁብ የሚወጣለት እና በወጣው ዕቁብ ላይ ሐሳብ የሚያመጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናታችን ደርባ ይዛቸዋለች። ሦስተኛው ታላቅ ወንድማችን ነው። እኛማ ጋዜጠኝነት ተመርቀን ታዛቢ ሆነን ቀርተናል፤ ያው ሙያችን አይደል!

ነገሩ የጀመረው ከአባታችን የወረስናት ዶልፊን በጅማ መንገድ ከጊቤ በረሃ ሽቅብ ስትወጣ ሞተሯ የነከሰ ጊዜ ነው። ዶልፊኗ መኪና ብቻ እንዳትመስላችሁ። የቤት ኪራያችን፣ የትንሿ እህታችን የትምህርት ቤት ክፍያ እና የእናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ናት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ሞተር አክሞ ማቆየት የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ የእማዬ ዕቁብ በቀጥታ ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ሄደ። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚኑ ሁሉ ተቀየረ። ሞተሩ ተገጥሞ አልቆ መኪናዋ ላይ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ወንድማችን ሐሳብ አመጣ።

"ቱርቦ እናስገባላት!"

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ እብደት አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ባገኘው አየር ልክ ነው። አሮጌ ሚኒባሶች ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፉ ስታዩ አንዱ ምክንያት አየር ስለሚያጥራቸው ነው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ያስገባል። ወንድማችን ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ቱርቦውንም ሶማሌ ተራ አይቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀብድ ከፍሎ ነው ሐሳቡን ያመጣው። (ሐሳብ ማለት እኛ ቤት እንደዚህ ነው።)

ታዲያ ጉልበት ሲጨምር ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው ኃይልም ይጨምራል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ክራንክ ሻፍቱ ነው። ክራንክ ሻፍቱን ከሞተሩ ጋር የያዙት አምስት ካፖች ናቸው፤ ካፖቹን የያዙት አስር ብሎኖች። ወንድማችን ለእነሱም አስቦላቸዋል። በሰው ከዱባይ ያስመጣቸው አስር ጠንካራ ስታዶች በጋዜጣ ተጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ስታድ ማለት ራስ የሌለው ብሎን ነው፤ እሱ ሞተሩ ውስጥ ተተክሎ ይቆምና ከላይ በዳዶ ይጠብቃል። ብሎን ሲጠብቅ እየተጠመዘዘ ነው የሚሳበው፤ ስታድ ግን አብዛኛውን ቀጥ ብሎ ይሳባል። ስለዚህ አያያዙ የተሻለና እኩል ነው።

"ጋሼ፣ ኮፓውን ብቻ ይክፈቱልንና አንድ በአንድ እንቀይራቸው። ሌላውን አንነካውም" አለ።

ጋሼ መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩና "ልጄ፣ ብሎኑን ስትቀይር ቀዳዳውንም ቀየርከው" አሉት።

እኛ ቅኔ መስሎን ነበር። ቅኔ አልነበረም። ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ክብ ቀዳዳ ግማሹ ሞተሩ ላይ፣ ግማሹ ካፑ ላይ ነው። ፋብሪካው ያንን ቀዳዳ ያከበበው ካፑ በራሱ ብሎን፣ በልኩ ጠብቆ ታስሮ ሳለ ነው። ብረት ሲጨመቅ ትንሽ ይታጠፋል። የበለጠ የሚያጠብቅ ስታድ ሲገባ ካፑ ሌላ ዓይነት ይጨመቃል፤ ክቡም ሞላላ ይሆናል። በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ዘይት የሚያልፈው በዚያ ነው። ዘይቱ ካጣ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል፤ ሞተሩም እንደገና ይነክሳል።

ወንድማችን አላመነም። ጋሼም አልተቆጡ። ሞተሩን ገልብጠው ኮፓውን ፈቱና አንዱን ካፕ አወጡ። ዘይቱን ጠርገው ክር የመሰለች ቀጭን ፕላስቲክ ክራንኩ ላይ አጋደሙ። በድሮው ብሎን በልኩ አጥብቀው ፈቱና የተደፈጠጠችውን ፕላስቲክ ስፋት ለኩ። ከዚያ በሌላ ክር፣ በስታዶቹ፣ ስታዶቹ በሚጠይቁት ልክ አጥብቀው ደገሙት። ባትሪ ያበራነው እኛ ስለሆንን በዓይናችን አይተናል፤ ሁለተኛዋ በግልጽ ሰፍታለች። ክፍተቱ ጠብቧል ማለት ነው።

"ስታዱ መጥፎ ነው አላልኩም" አሉ ጋሼ። "ከፈለግክ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ እንፍታው። ካፖቹን በስታዱ አስረን አምስቱንም ቀዳዳ በማሽን ባንድ መስመር እናክብባቸው። ከዚያ እንደገና ለክተን እንገጥማለን። ተገጥሞ ባለቀ ሞተር ላይ ግን ሾልከህ ማጠንከር የለም።"

ሙሉ በሙሉ መፍታት ማለት ሌላ ዕቁብ ማለት ነው። ሌላ ዕቁብ የለም።

ማታ ቤት ስንገባ ወንድማችን ለእማዬ ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷ ስለ ክራንክ ሻፍት የምታውቀው ነገር የለም። ብቻ ቡናዋን እየቀዳች ቀስ ብላ "እኔስ ስል የከረምኩት ምን ነበር?" አለችው።

ዝም አልን። አባታችን ካረፈ ወዲህ ወንድማችን የእሱን ቦታ ካባታችን በጠነከረ ብሎን ለመያዝ ሲታገል ነው የኖረው። ማታ የምንገባበትን ሰዓት አጠበቀ፤ ስልክ ያነሳንበትን ቃና አጠበቀ፤ የትንሿን ደብተር ሳይቀር ያገላብጥ ጀመር። ቤታችን እንዳይበተን ነበር። ክፉ አላሰበም። ግን እኛም የተከበብነው በአባታችን ልክ ነበር፤ ማንም አልለካንም። ትንሿ እህታችን ለእሱ መልስ መስጠት ካቆመች ወራት ሆኗታል።

በማግስቱ አስሩ የድሮ ብሎኖች ታጥበው፣ ጥርሳቸው ታይቶ፣ ቁመታቸው ተለክቶ እያንዳንዳቸው ወደየቦታቸው ተመለሱ። ቱርቦው ቀረ፤ ከቀብዱ ግማሹ ተመለሰልን። ስታዶቹ አሁንም በጋዜጣቸው እንደተጠቀለሉ ቁም ሳጥን ላይ ናቸው። ዶልፊኗ ዳገት ላይ ዛሬም ታለከልካለች፤ ግን ትወጣለች።

ወንድማችን ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ትንሿን "ስንት ሰዓት ብትገቢ ይሻልሻል?" ብሎ ጠየቃት። ደንግጣ አየችን። እኛም ደንግጠን አየናት። መለካት መጀመሩ ነው መሰለን።