ወተቴ አይበቃውም ይሆን?



እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ልጄን አጠገቤ አስተኝቼ ነው። አርባ ቀኑ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ አልሐምዱሊላህ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን እንኳን ልጽፍ፣ የራሴን ፀጉር ማበጠርም አቅቶኝ ነበር።

ስለ ምጥ ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለ ማጥባት ግን ማንም አላወራኝም። ሕፃን ተወልዶ ጡት ይጠባል፣ በቃ፣ ብዬ ነበር የማስበው።

በመጀመሪያው ቀን የወጣው ጥቂት ወፍራም ቢጫ ጠብታ ነው። "ይሄ ምን ይሆነዋል?" አልኳት አዋላጇን። "እንገር እኮ ነው። ሆዱ ገና ትንሽ ናት፣ ይበቃዋል" አለችኝ። እሱ ሲጠባ የኔን ሆድ ደግሞ እንደ ምጥ ቆረጥ ያደርገኝ ነበር። ለካ ሕፃኑ ሲጠባ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ወተቱንም ያወርዳል፣ ማህፀኑንም ያኮማትራል።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ አግቶ ድንጋይ ሆነ። ልጁ መጉረስ አቅቶት ያለቅሳል፣ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። ለብ ባለ ውሃ ፎጣ ነክሬ፣ ትንሽ በእጄ አልቤ ካለሰለስኩት በኋላ ነው የያዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወተቱ ሲወርድ ይታወቀኛል። የደነዘዘ እግር ሲለቅ እንደሚወርረው ጡቴን ውርር ያደርገዋል፣ በሌላኛው በኩል ልብሴ ይረጥባል፣ ጉሮሮዬም በውሃ ጥም ይደርቃል።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከመግሪብ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ጡት አልለቅም አለ። ጡቴም እንደ በፊቱ አያግትም፣ ለስልሷል። አራስ ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤት እያየችኝ "አይ ልጄ፣ ወተት የለሽም እኮ፤ ልጁን እየራበው ነው" አለች። ክፋት አልነበረባትም። ቃሏ ግን ልቤ ውስጥ ተቀበረ። በማግስቱ በማለቢያ ሞከርኩ፤ የወጣው የቡና ስኒ ግማሽ አይሞላም። አማቴ አብሽ በጠበጡልኝ፣ አጥሚት አፈሉልኝ። ያለ ማቋረጥ ብጠጣም ፍርሃቴ አልቀነሰም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ባለቤቴን የጣሳ ወተት ግዛ ብዬ ላክሁት። ልጄ በጡጦ ጠጥቶ ተኛ። እኔ ግን አልተኛሁም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጡቴ አግቶ መንጠባጠብ ጀመረ። "የለሽም" የተባልኩት ወተት ቀሚሴን እያረጠበው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፣ በአምስተኛው ቀን 2.9 ወርዷል። ያን ቀን ሚዛኑ 3.2 አለ። አዋላጇ "በቀን ስንት ጊዜ ይሸናል?" አለችኝ። "ሰባት፣ ስምንት" አልኳት። "ታዲያ ያልገባ ነገር በምን ይወጣል?" ብላ ሳቀች።

ያስረዳችኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ፣ ማታ ማታ ደግሞ ደጋግሞ መፈለጉ ያለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ መቀነሱም የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ጡት መለስለሱ ወተት አለቀ ማለት አይደለም። ማለቢያ የሚያወጣውም የወተትሽ ልክ አይደለም። ወተት የሚመረተው በተጠባው መጠን ነው፤ በጡጦ በተተካ ቁጥር ግን ጡት "አልተፈለግሁም" ብሎ ይቀንሳል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ሽንት፣ እየጨመረ የሚሄድ ክብደት፣ ሲጠባ የሚሰማ የመዋጥ ድምፅ፤ እነዚህን እዪ። ልጁ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጠቆር ያለ ክፍልም አብሮ ይጉረስ። እስከ ስድስት ወር ውሃም አያስፈልገውም።

ሽንቱ ካነሰ፣ ለመጥባት ከደከመ፣ አልነቃም ካለ፣ ወይም ያንቺ ጡት ቀልቶ ትኩሳት ከያዘሽ ግን በአብሽና በምክር ቀን አትግፊ፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂጂ። በእውነትም ወተት የሚያንሳት እናት አለች። ሐኪም አይቶ የጣሳ ወተት ካዘዘላት ልጇን መገበች እንጂ አላጠፋችም።

ወንድሞቼ፣ እናንተም አንብቡት። በሱረቱል በቀራህ አላህ ስለ ሁለት ዓመት ማጥባት ሲናገር በዚያው አንቀጽ የእናትየዋን ቀለብና ልብስ በአባት ላይ አድርጓል። ጡት መጣል ቢፈልጉም በሁለቱ ምክክርና ስምምነት ነው ብሏል። ስለዚህ ጉዳዩ የሴት ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ ሌሊት እየተነሳ ዳይፐር ይቀይራል፣ ውሃ ያቀብለኛል፣ ለጠያቂም "ልጃችን ደህና ነው፣ ተመዝኗል" ብሎ እሱ ይመልሳል። ከአብሽ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱም "ወተት አለሽ ወይ?" አትበሉ። "በልተሻል? ተኝተሻል?" በሉ።

አላህ የአራሶችን ሁሉ ድካም ያግራላቸው፣ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን። አሚን።